ጣሪያ ስር የማይሞላው መጠይቅ

ጁምሪያ ሩዙን አጥባ ውሃውን እያንጠፈጠፈች ሳለ ከግድግዳው ማዶ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ፣ የሚመጣውን ድምፅ ሰማች። ውሃ ገላ ላይ ሲፈስና ባዶ ሲሚንቶ ላይ ሲፈስ ድምፁ አንድ አይደለም። ገላ ላይ ሲሆን ይሰበራል፣ ይለዝባል፣ ዘግየት እያለ ይንጠባጠባል፤ ሲሚንቶ ላይ ግን ዷ ብሎ ያበቃል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው አንድ ጣሳ ይቀዳል፣ ሲሚንቶው ላይ ይደፋል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ደግሞ ይቀዳል። በጣሳና በጣሳ መሃል፣ ጆሮ ለሰጠ ሰው፣ የአንዲት ልጅ የተቆራረጠ ትንፋሽ ይሰማል። የወንድሟ ልጅ ሊፋ ናት። ከሰነበተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው፤ ቤተሰቡም ጠዋት ጠዋት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ቤቱ ሰፊ አይደለም። በማካሳር አሮጌው ወደብ ጀርባ እንዳሉት ቤቶች ሁሉ እንደ ባቡር ፉርጎ አንዱ ክፍል ከሌላው ኋላ የተቀጠለ ነው፤ ከፊት የሳምቡሳ መሸጫዋ መስኮት፣ ቀጥሎ ሁሉም የሚተኙበት ክፍል፣ ከዚያ ማድ ቤቱ፣ መጨረሻ ላይ መታጠቢያ ቤቱ። ከፊት ያለ ሰው ቢያስነጥስ ከኋላ ያለው ይማርህ ይለዋል። የወንድሟ ሚስት፣ ሰፈሩ በአክብሮት ዳኤንግ ቴኔ የሚላት፣ ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጣ የሳምቡሳውን ጠርዝ እየቆነጠጠች ትደፍናለች። እሷም ትሰማለች። ጣቶቿ ግን አልቆሙም። ሬዲዮኑን በክርኗ ከፍ አደረገችው፤ ሬዲዮኑ የፍሎሬስን ባሕር የማዕበል ከፍታ ሊናገር ሲጀምር ደግሞ መልሳ ዝቅ አደረገችው።

«ቅዳሜ ቆርቆሮ አስመታለሁ» አለች ለግድግዳው የምትናገር ይመስል። «መቶ ሃያ ሺህ ሩፒያ ቢጠይቁም ይጠይቁ። ሰው እንዴት ሰማይ እያየው ይታጠባል?»

የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ የምዕራቡ ንፋስ ነቅሎ ከወሰደው ቆይቷል። መልሶ ይመታው የነበረው ባሏ፣ የጁምሪያ ወንድም፣ ሲሚንቶና ዱቄት በጫነች የእንጨት መርከብ ወደ ምሥራቅ ደሴቶች ሄዷል፤ ስልኩም ጥሪ አልቀበል ካለ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ይህን በዚያ ቤት ውስጥ አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። ከግድግዳው ማዶ ውሃው ቀጥ አለ። ከዚያ በሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማ፣ ሊፋም ዓይኗ ቀልቶ ፀጉሯ ግን ደርቆ ወጣች። እናትየው ቀና ብላ አላየቻትም። ትኩስ ሳምቡሳ በሰሃን አድርጋ ወደ ልጅቷ ገፋችላት፣ ልጅቷም ቆማ በላች።

ጁምሪያን ያንገበገባት ግን የትናንቱ እራት ነበር። ሊፋ ከትምህርት ቤት የመጣችው ፊቷ በርቶ ነው። እንደተቀመጠች «የናንተን መጠይቅ ዛሬ ሞላን አክስቴ» አለች፤ «ሁሉንም ‹በጭራሽ› ነው ያልኩት። አላሳፈርኩሽም።» ዳኤንግ ቴኔም ከዓሣው ሥጋ የሞላበትን ወገን ቆርሳ ለልጇ አደረገችላት። ጁምሪያ ሰሃኗን ወደ ጎን አደረገች። ያ መጠይቅ በጤና ቢሮው የአራት ወር የትርጉም ሥራዋ ነው። ልጆች ስለ ልባቸው ራሳቸው እንዲመልሱት በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ የመጣ ነው፤ እሷ ወደ ሰፈሩ ልጆች አነጋገር አዞረችው፣ ዋናውን አይቶ የማያውቅ ሌላ ሰው ወደመጣበት ቋንቋ መለሰው፣ ሁለቱ እስኪገጥሙ ድረስ አንድ በአንድ ተከራከሩበት። ‹ብዙ ጊዜ አለቅሳለሁ።› ‹እንቅልፍ ይነሳኛል።› ‹አንድ ክፉ ነገር የሚመጣ ይመስለኛል።› ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ሦስት ሣጥን፦ በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ዘወትር። አሁን በሁለት ትምህርት ቤቶች እየተፈተነ ነው። ጤና ቢሮው ያለው አንዲት የልጆች አማካሪ ብቻ ናት፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የምትቀመጠውም መጠይቁ ‹እዚህ ጭንቀት አለ› በሚልበት ትምህርት ቤት ነው። ከላይኛው ሰፈር ትምህርት ቤት የመጣው ወረቀት በየሣጥኑ ተበታትኖ ይታያል። ከወደቡ ትምህርት ቤት የመጣው ግን ከላይ እስከ ታች ‹በጭራሽ› ብሎ እንደ ወታደር ተሰልፏል። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሳባሩዲን ወረቀቶቹን ሲያገላብጡ፣ እነዚህ ልጆች ከሁላችንም በላይ ደስተኞች ናቸው፣ አማካሪዋን ወደነሱ ብንልካት የምትፈወሰው እሷ ናት ብለው ቀልደው ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጥተው ሙከራውን ይዘጋሉ። ከዛሬ በኋላ የወደቡ ልጆች ሆድ ይፍጀው እንዳሉ ይቀራሉ።

አክስትና ልጅ አብረው ወጡ። የመንደሩ ባጃጅ መንገደኛውን ከፊት ነጂውን ከኋላ የሚያስቀምጥ ነው፤ ነጂው አሥራ አምስት ሺህ ጠየቀ፣ ጁምሪያ በአሥር ሺህ ስንት ጊዜ ወስደኸናል አለችው፣ እሱም ያኔ ቀጭን ነበርሽ አላት። ሊፋ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። በአሥራ ሁለት ሺህ ተስማምተው ጉዞ ጀመሩ። ዓሣ ተራውን፣ የገመድ ሻጮቹን፣ የከሰሉን ግቢ አለፉ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ስለተቀመጡ መተያየት አይጠበቅባቸውም ነበር። ምናልባት ልጅቷ አፏን እንድትከፍት ያደረጋት ይህ አለመተያየት ይሆናል።

«አክስቴ፣ ያ ወረቀት ማታ የት ነው የሚያድረው?»

«ጤና ቢሮ። ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ማንም አያየውም።»

«ቁም ሣጥኑ ቤት ውስጥ ነው?»

«አዎ።»

«ጣሪያ ስር ነዋ።»

ጁምሪያ መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ግን በአንድ ጊዜ ገባትና የባጃጁን ብረት ጨብጣ ያዘች። በነሱ መንደር ወንዱ ባሕር ላይ ያለበት ቤት ጣሪያ ስር አይለቀስበትም። ጣሪያ ስር የወረደ እንባ ውሃውን ይጠራዋል ይላሉ፤ ውሃውም የተለቀሰለትን ሰው ፍለጋ ይወጣል። የባሰበት ሰው ከቤት ይወጣል፣ ባሕሩ ግንብ ላይ ንፋሱ ፊት ይቆማል፤ እዚያ የወረደውን ንፋስ ይወስደዋል፣ አይቆጠርም። ጁምሪያም የመርከበኛ ልጅ ናት፣ ይህን ከጡት ጋር ጠብታው ነው ያደገችው። ደንቡ ግን ስለ እንባ እንጂ ስለ ወረቀት መስሏት አያውቅም። አራት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ቃል ስትመዝን፣ አባቱ ማዕበል ላይ ያለ ልጅ ‹ብዙ ጊዜ አለቅሳለሁ› ብሎ ፈርሞ ያንን ወረቀት ቤት ውስጥ አሳድሩልኝ ሊል እንደማይችል አልታያትም። ልጆቹ አልዋሹም። አባቶቻቸውን እየጠበቁ ነበር።

«እማዬ ቅዳሜ ቆርቆሮ ልታስመታ ነው» አለች ሊፋ ወደፊት እያየች።

ከቤቱ ጣሪያ የሌለው መታጠቢያ ቤቱ ብቻ ነበር። ጁምሪያ የልጅቷን እጅ ያዘች። ባጃጁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አቆመ።

መጠይቁ ይሞላበት የነበረው ክፍል ልጅ ሲያጠፋ የሚጠራበት የመምህርት ሱርያንቲ ክፍል ነው፤ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሚዘጋ በር፣ አንድ መስኮት። መመሪያው ጸጥ ያለ ዝግ ክፍል ይላል። ጁምሪያ ዓይን አፋር ናት፤ ሰው ፊት ስትናገር ጆሮዋ ይግላል። ጆሮዋ እየጋለ፣ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የሞላውን ክፍል በሙሉ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ባለው ባሕሩ ግንብ ላይ እንደገና ማስሞላት እንደምትፈልግ ተናገረች። መምህርቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ወረቀቱ ቢበርስ አሉ፤ ልጆቹስ አብረው ቢበሩ? ዶክተሩ ያውቃሉ ወይ ብለውም ጠየቁ። ጁምሪያ አያውቁም አለች፣ ምክንያቱንም በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። መምህርቷ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። የእሳቸውም ወንድ ልጅ ባሕር ላይ እንደሆነ ጁምሪያ ያወቀችው ከዚያ በኋላ ነው። ቁልፋቸውን ከመሳቢያ አውጥተው የኋላውን በር ሊከፍቱ ቀድመዋት ሄዱ።

ግንቡ ረጅም ነው፣ ከፍታው ወገብ ያህላል፤ ከማዶው የእንጨት መርከቦች ጎን ለጎን ተገትረው ተሸካሚዎች በሳንቃ ላይ ይወጡባቸዋል፣ ይወርዱባቸዋል። ልጆቹ በአንድ ክንድ ርቀት ተራርቀው እንዲቀመጡ ተደረገ። ንፋሱ የልጃገረዶቹን ሻሽና የወንዶቹን ክራቫት አንድ ወገን ይስበዋል። ጁምሪያ ከፊታቸው ቆማ ድምፅዋ እንዳይወሰድ ከፍ አድርጋ፣ ያለፈውን የሞላችሁት ጣሪያ ስር ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዛሬ እዚህ ንፋሱ ላይ ሙሉልኝ አለች። ማንም እስክሪብቶ አላነሳም። ከዚያ የክፍሉ ቀልደኛ፣ አክማል የሚባለው፣ እጁን አወጣ።

«እትዬ ጁም፣ ማታስ?»

«ማታ ጣሪያ ስር አያድርም። እዚሁ ቁጭ ብዬ የመረጣችሁትን ሣጥን ቁጥር ብቻ ወደ ሌላ ወረቀት እገለብጣለሁ፤ ስም የለውም። የሞላችሁትን እዚሁ እመልስላችኋለሁ፣ ቤት ሳትገቡ ቀዳችሁ ለንፋሱ ስጡት። እኔ ጋ የሚያድረው ቁጥር ብቻ ነው።»

አክማል ጉዳዩን እንደ ሽማግሌ አሰበበት። «ቁጥር ይደር» አለ በመጨረሻ። «ቁጥር አያለቅስም።»

«አንተን ግን ያስለቅስሃል» አለችው ከጎኑ ያለችው ልጅ። «በሒሳብ ፈተና አይተንሃል።»

ሳቁ ከግንቡ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ሳቁ ሲያልቅ እስክሪብቶዎቹ ተነሱ። ወረቀቱ እንዳይበር እያንዳንዱ አንድ እግር ጫማውን አውልቆ ጫፉ ላይ ጫነበት፤ ጥቁር ጫማ በግንቡ ላይ ተደረደረ። ከዚያ የሆነውን ጁምሪያ በአራት ወር ሥራዋ አይታው አታውቅም። ልጆቹ ያነባሉ፣ ቀና ብለው መርከቦቹን ያያሉ፣ ደግሞ ያነባሉ። ከመካከላቸው የጻፈውን ሰርዞ ሌላ ሣጥን ውስጥ ምልክት የሚያደርግ ነበር። አንዱ ወንድ ልጅ ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙሮ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቆየ፤ አክማል፣ ያ ቀልደኛው፣ እጅጌውን በፊቱ ላይ አሳለፈና አሸዋ ገባብኝ አለ። ማንም አላሾፈበትም። ሊፋ ከጫፍ ነበረች። እሷ ፊቷን አላዞረችም፣ አሸዋም አላመካኘችም። ምልክት እያደረገች ታለቅስ ነበር፤ ድምፅ ሳታፍን፣ ውሃ ሳትደፋበት።

በዚህ መሃል ነው ዳኤንግ ቴኔ የደረሰችው። በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳምቡሳ መሸጥ ልማዷ ነው፤ ዛሬ የሚገዛ ብታጣ ልጆቹ የት ሄዱ ብላ በአጥሩ ዞራ መጣች። ትሪውን በራሷ ላይ እንደያዘች ቆመች። መጀመሪያ ጫማዎቹን አየች፣ ቀጥሎ ልጇን። ጁምሪያ ወደ ሊፋ አንድ እርምጃ ተራመደች። ይህች ሴት ትሪውን ጥላ ልጇን በክንዷ ጎትታ ብትወስዳት፣ ሌሎቹ ልጆች በሙሉ እስክሪብቶዋቸውን እንደሚያስቀምጡ፣ ዛሬም፣ የመጨረሻው ቀንም፣ እዚሁ እንደሚያበቃ ታውቃለች። ልጆቹም ያወቁ መሰለ፤ አንድ በአንድ ዞረው ያዩ ጀመር። ሊፋ እናቷን ስታይ እጇ ከወረቀቱ ላይ ተነሳ። ንፋሱ ወረቀቱን ከጫማው ስር ፈልቅቆ አነሳው።

ዳኤንግ ቴኔ ትሪውን መሬት አስቀመጠችና ወረቀቱን ገና ሳይርቅ በመዳፏ ግንቡ ላይ ደፈጠጠችው። የተጻፈው ከመዳፏ ስር ነበር። ዝቅ ብላ አላየችውም። አንገቷን ወደ ባሕሩ አዙራ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ወረቀቱን ብቻ ይዛ ቆመች።

«ጨርሺ» አለች። «እኔ እይዝልሻለሁ።»

ሊፋ እስክሪብቶውን አነሳች። ከእናቷ ጣቶች መሃል ለመሃል ምልክት እያደረገች የቀረውን ሞላች። ዳኤንግ ቴኔ እስኪያልቅ አልዞረችም፤ ንፋሱ የሻሿን ጫፍ ከፊቷ ላይ ሲያነሳው ግን ጉንጯ እርጥብ ነበር። ሌሎቹ ልጆች አንገታቸውን መለሱና ሥራቸውን ቀጠሉ። ሊፋ ስትጨርስ እናትየው መዳፏን አነሳች፣ ትሪዋን አንስታ በረድፉ መሃል ገባች፣ ሁለት ሁለት ሺህ እያለች ሸጠች፤ ከአክማል ግን አልተቀበለችም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ዝም ብለህ ብላ፣ ነገ ሃሳቤን ልለውጥ እችላለሁ አለችው።

ዶክተር ሳባሩዲን ስምንት ሰዓት ላይ ሲመጡ ጁምሪያ ግንቡ ላይ ተቀምጣ የገለበጠቻቸውን ቁጥሮች ትደምር ነበር። ልጆቹ ወረቀታቸውን ተቀብለው ሄደዋል። ዶክተሩ ዋናዎቹ ወረቀቶች የት አሉ ብለው ጠየቁ፤ ባለቤቶቹ ጋ አለቻቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ጁምሪያ ጆሮዋ እየጋለ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ደንቡን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ግንቡን። ዶክተሩ ሰምተው ሲያበቁ ክፉ ሰው ስላልሆኑ አልተቆጡም፣ ሞኝም ስላልሆኑ አላመኑም። ያለፈው ቀን ልጆቹ አንቺን ሊያስደስቱ ‹በጭራሽ› ካሉ፣ ዛሬም አንቺን ሊያስደስቱ ‹ዘወትር› አለማለታቸውን በምን አውቃለሁ አሉ። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ጁምሪያ የገለበጠችውን ቁጥር አቀበለቻቸው። ዶክተሩ ጫማቸውን እንዳያቆሽሹ እየተጠነቀቁ አጠገቧ ተቀመጡ፣ ከቦርሳቸው የፊተኛውን መልስ አወጡ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና በእርሳስ ጫፍ ረድፍ በረድፍ ይወርዱ ጀመር።

ተሸካሚዎቹ አንዷን መርከብ ጭነው ጨረሱ። የዶክተሩ እርሳስ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ወደኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ወረደ።

«የአባት ሥራ የሚለውን መዝግበሻል?»

«ከላይ፣ ከልጁ መለያ ቁጥር ቀጥሎ።»

«ራስ ምታት፣ ዕቃ መጣል፣ ክፍል ውስጥ ሃሳብ መበታተን... እነዚህ እንዳሉ ናቸው። ቤት ውስጥም ግንቡ ላይም አንድ ዓይነት።» እርሳሳቸውን ወደ ታች አወረዱ። «የተለወጡት እንባ፣ እንቅልፍ፣ ፍርሃት ናቸው። እሱም የሁሉም ልጅ አይደለም። የባለሱቁ ልጅ፣ የሹፌሩ ልጅ አልተነቃነቁም። የተለወጠው አባቱ ባሕር ላይ ያለ ልጅ ብቻ ነው።» መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ሰውን ለማስደሰት የሚመልስ ልጅ እንዲህ አድርጎ መርጦ አይመልስም።»

«ቃላቱስ?» አለች ጁምሪያ።

«ቃላቱ ምን ሆኑ? አንዲት ፊደል እንዳትነኪ። ልጆቹ ገብቷቸዋል። የተሳሳተው ጣሪያው ነው።»

ጁምሪያ ሳቀች። ሳቋ ታፍኖ የቆየ ስለነበር ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ዶክተሩም ለምን እንደሆነ በቅጡ ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለአማካሪዋ ደወሉ፤ ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ ወደቡ ትምህርት ቤት ነሽ አሏት። ቢሮ አይደለም፣ ውጭ ነው፣ ባሕር ዳር፣ ሻሽሽን ጥብቅ አድርጊው። ወዲያ ማዶ ያለችው ሴት ስለ ዝናብ ሳትጠይቅ አልቀረችም፤ ዶክተሩ ጁምሪያን አዩ፣ ጁምሪያም ዣንጥላ ጣሪያ አይባልም አለች። ይህን አጥሩ ስር ሆነው ይሰሙ የነበሩት መምህርት ሱርያንቲ ወደ ክፍላቸው ገቡና ልጅ ሲያጠፋ የሚቀመጥበትን ረጅም አግዳሚ ወንበር በዘበኛው እያስያዙ ይዘውት መጡ። ጀርባውን ለትምህርት ቤቱ፣ ፊቱን ለውሃው አድርገው ግንቡ ጥግ አስቀመጡት፣ ቆመውም አዩት፣ ትንሽ ወደ ግራ አስተካከሉት።

ዶክተሩ ወደ መኪናቸው ከመሄዳቸው በፊት የአሞላል መመሪያውን ለጁምሪያ ሰጧት። ጸጥ ያለ ዝግ ክፍል የሚለው መስመር ተሰርዟል፤ ከሥሩ ባዶ ቦታ አለ። አንቺ ጻፊው አሏት። ጁምሪያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በክርኗ ተጫነችው፤ በዝግታ፣ ፊደሎቹን እያለየች ጻፈች፦ ‹አባት ባሕር ላይ በሆነበት ሰፈር ይህ መጠይቅ ከጣሪያ ውጭ ይሞላ። የተሞላውም ወረቀት ጣሪያ ስር አይደር።› አንድ ጊዜ አነበበችው። አራቱ ነጥቦች አልደመቁላትም፣ ደገመችባቸው። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደነች፣ መመሪያውን አጠፈች፣ በዶክተሩ መኪና መስኮት በኩል የፊት ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።